ቤቱ ሲፈነዳ የሚሰማው ሙዚቃ፦ የፒንክ ፍሎይድ «ናምበር 51» እና ዛብሪስኪ ፖይንት

ሰዓት እላፊ · ቅዳሜ፣ ሌሊት 8፡15

ጎበዝ፣ በዚህ ሰዓት የነቃ አለ?

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ «ዛብሪስኪ ፖይንት»ን አየሁት። ጣሊያናዊው ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ አሜሪካ ሄዶ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ፊልም ነው። አልዋሽም፣ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ስልኬን እየነካካሁ ነው ያሳለፍኩት። ሁለቱ መሪ ተዋንያን ብዙም የትወና ልምድ ያልነበራቸው ልጆች ናቸው፤ ያስታውቃል። ሲነጋገሩ ከወረቀት የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

መጨረሻው ላይ ግን ከአልጋዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። (ያላያችሁት ከዚህ በታች አታንብቡ። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነው ፊልም ግን ይቅርታ አልጠይቅም።) ዳሪያ የምትባለው ልጅ ወዳጇ በፖሊስ መገደሉን በመኪና ሬድዮ ትሰማለች። አለቃዋ ቤት ትደርሳለች። በረሃ መሀል፣ ዓለት ላይ የተሰካ የሀብታም ቤት ነው። ትገባለች፣ አላስችል ይላታል፣ ተመልሳ ትወጣለች። ከዚያ ዞር ብላ ቤቱን ታየዋለች። ቤቱ ይፈነዳል። በሐሳቧ ነው እንጂ የእውነት አይደለም። ግን ይፈነዳል፣ ደግሞ ይፈነዳል፣ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ይፈነዳል። ስንቴ እንደሆነ መቁጠር ጀምሬ መሀል ላይ ጠፋብኝ።

ከዚያ ሙዚቃው ይገባል። ቤዝ፣ ከሩቅ ደግሞ ኦርጋን። ስክሪኑ ላይ የተሰቀለ ልብስ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ከነምግቡ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ሰማይ ላይ ይበተናል። አንድ የታሸገ ዳቦ ከነላስቲኩ እየተንሳፈፈ ያልፋል። ምንም አልሆነም ዳቦው! ከዚያ አንድ ሰው ይጮኻል። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ። እማዬን ቀስቅሼ ቢሆን ኖሮ እኔ ነበርኩ የምፈነዳው፤ ደግነቱ በጆሮ ማዳመጫ ነው ያየሁት።

ጥያቄዬ፦ ይሄ የእንግሊዙ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ኢንስትሩሜንታል፣ «ኬርፉል ዊዝ ዛት አክስ፣ ዩጂን»፣ አይደለም እንዴ? የማጀቢያው አልበም ላይ ግን «ካም ኢን ናምበር 51፣ ዩር ታይም ኢዝ አፕ» ነው የሚለው። ደግሞ ፊልሙን ዘግቼ ሙዚቃውን ለብቻው ስሰማው እንደ ቅድሙ አልያዘኝም። ታዲያ ልቤን የወሰደው ምስሉ ነው ሙዚቃው?


ባለቤዙ · ሌሊት 8፡40

እኔ ነቅቻለሁ፣ ከሥራ አሁን ገባሁ።

አልተሳሳትክም፣ ያው ዩጂን ነው። ስም ቀይሮ መጣ እንጂ። መጀመሪያ የወጣው በ1968 ታኅሣሥ... ማለቴ በፈረንጆቹ ዲሴምበር፣ «ፖይንት ሚ አት ዘ ስካይ» የሚባል ነጠላ ዘፈን ጀርባ ላይ ነው። ፊት ለፊት የነበረውን ዘፈን ዛሬ ማንም አያነሳውም፤ ጀርባው ነው የኖረው። በ1969 «ኡማጉማ» በሚባለው አልበማቸው መድረክ ላይ የተጫወቱት ቅጂ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለዚህ ፊልም እንደገና ቀረጹት።

እኔ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ቤዝ እጫወታለሁ፣ ስለ ቤዙ ብቻ ልናገር። አንድ ኖታ ነው። በቃ። ታች አንድ ጊዜ፣ ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ፣ ተመልሶ ታች። ጣትህ ከሁለት ቦታ አይወጣም። ጀማሪ ተማሪ በ5 ደቂቃ ይይዘዋል። ግን ሞክሩት! ከሁለት ደቂቃ በኋላ እጃችሁ ይበላችኋል። የሆነ ነገር ጣል ላድርግ፣ ትንሽ ላስጊጥ ይላል። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሮጀር ዋተርስ ግን አያደርገውም። እሱ ስለማይንቀሳቀስ ነው ኦርጋኑም ጊታሩም ሲንቀሳቀሱ የሚያስፈሩት።

ለመሆኑ በምንድን ነው የሰማኸው?


ሰዓት እላፊ · ሌሊት 8፡44

በስልክ። የጆሮ ማዳመጫዬ የግራው ከሞተ ሁለት ወር ሆነው።


ባለቤዙ · ሌሊት 8፡45

በስመአብ። ግማሹን ሰምተህ ነዋ ፍርድ የሰጠኸው! ነገ ከሰው ተዋስና ደግመህ ስማው።


ቀዝቃዛ ማኪያቶ · ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡30

ማታ ተኝቼ ብዙ አምልጦኛል።

ልጠይቅ። አንቶኒዮኒ የሚያህል ሰው፣ ኤምጂኤም የሚያህል ስቱዲዮ ከጀርባው ይዞ፣ ባንዱን ቀጥሮ፣ ያገኘው የድሮ ሙዚቃ ነው? የትናንት ወጥ አሙቀው አቀረቡለት በሉኛ።

ሁለተኛ፣ ሰው እንደዚያ እየጮኸበት እንዴት ነው ኢንስትሩሜንታል የሚባለው?


ባለቤዙ · ጠዋት 3፡05

የትናንት ወጥ እኮ ከዛሬው ይጣፍጣል፤ ቁሌቱ የሚገባው አድሮ ነው።

ኢንስትሩሜንታልነቱን በተመለከተ፦ ግጥም የለውም። እኛ ሰፈር «ክላሲካል» የምንለው ዓይነት ነው፣ ማለትም ዘፋኝ የሌለበት። የጊታር ተጫዋቹ የጊልሞር ማንጎራጎር አለ፣ ቃል ግን የለውም። ጩኸቱ የዋተርስ ነው። እንደ አንድ መሣሪያ ቁጠረው። ድምፃዊ ቢሆን ኖሮ እየደጋገመ ይመጣ ነበር፤ እሱ የሚመጣው ሁሉም ነገር አንድ ላይ በሚወርድበት ቦታ ነው። ከሲምባሉ ጋር ይፈነዳል፣ ይሄዳል።


የካሴት ዘመን · ጠዋት 3፡50

ልጆች እንደምን አደራችሁ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚህ ገና ሌሊት ነው፣ ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም።

የማኪያቶው ልጅ ጥያቄ ጥሩ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከሙዚቃው ይበልጥ ያስቃል። ባንዱ ሥራውን የሠራው ሮም ነው፣ በ1969 ማብቂያ ላይ። ስቱዲዮ የሚገቡት ሌሊት ነበር፤ ጠዋት ሆቴላቸው ይመለሳሉ። ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን በመጽሐፉ ጽፎታል። አንቶኒዮኒ የሚያመጡለትን ሁሉ ይሰማል፣ ቆንጆ ነው ይላል፣ ከዚያ አንድ ነገር ያወጣለታል። አንዱ ያዝናል። አንዱ ይበረታል። ዋተርስ በኋላ ሲያወራው በአምስት ቀን ሊያልቅ ይችል የነበረ ሥራ ነው ይላል። ሰውየው የሚፈልገውን ሳይሆን የማይፈልገውን ነበር የሚያውቀው። እንደዚህ ያለ አለቃ የገጠማችሁ ካላችሁ ይገባችኋል።

በመጨረሻ ብዙውን ጥሎ ሦስት ብቻ አስቀረ። ከሦስቱ አንዱ ይሄ ወጥ ነው። ስለዚህ ያሞቁለት ከስንፍና አይደለም። ትኩስ ትኩሱን ሁሉ ገፍቶ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ከገፋቸው ውስጥ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይት በፒያኖ የሠራው አንድ ነገር ነበር። ፖሊስና ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚጋጩበት ትዕይንት የታሰበ ነው። ዱላ፣ ጭስ፣ ደም፤ ከሥር ደግሞ ቀስ ያለ፣ የተረጋጋ ፒያኖ። አንቶኒዮኒ ያሳዝናል፣ ቤተ ክርስቲያን ያስመስለዋል ብሎ አልተቀበለውም። ራይት አላዘነም፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። በ1973 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበማቸው ላይ «አስ ኤንድ ዜም» ሆኖ ወጣ።


ሰዓት እላፊ · ጠዋት 4፡10

ጋሼ፣ የምርዎን ነው? «አስ ኤንድ ዜም» ከዚህ ፊልም የተጣለ ነው?!


የካሴት ዘመን · ጠዋት 4፡14

የምሬን ነው ልጄ። የፊልሙም መክፈቻ ላይ የልብ ምት ትሰማለህ፤ ርዕሱ «ሃርት ቢት፣ ፒግ ሚት» ነው። የተማሪዎቹ ስብሰባ ላይ የሚሰማው። ከዚያ «ዳርክ ሳይድ» በምን እንደሚጀምር አስታውስ።


ፍሬም24 · ጠዋት 4፡40

በልብ ምት! እኔ ይሄን ሳላስተውል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ ስለ ምስሉ እኔ ልናገር፤ የዕለት እንጀራዬ ኤዲቲንግ ነው። ሠርግም ማስታወቂያም እቆርጣለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ደህና ዶክመንተሪ ይገጥመኛል።

ለፍንዳታው የቤቱን አምሳያ ሠርተው ነው ያፈነዱት፣ አሪዞና ውስጥ። 17 ካሜራ ተደቅኖበት። ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ቤት አንዴ ነው የሚፈነዳው። ሰዓት እላፊ መቁጠር ያቃተው ለዚህ ነው፣ አንዱን ፍንዳታ በየካሜራው እየመላለሱ ነው የሚያሳዩን። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ግን ሌላ ቀረጻ ነው። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። ካሜራው በሴኮንድ 240 ፍሬም ቢያነሳና በ24 ብታሳየው የአንድ ሴኮንድ ፍንዳታ 10 ሴኮንድ ይሆናል። ለዚህ ነው ዳቦው የሚንሳፈፈው።

ሙዚቃው ለምን እንደገጠመ በእኔ ዓይን ልንገራችሁ። ምስሉ ላይ ምት የለም። ነገሮች በየራሳቸው ፍጥነት ነው የሚበተኑት፤ ወረቀት በወረቀትነቱ፣ ብርጭቆ በብርጭቆነቱ። ጠንከር ያለ ድራም ያለው ሙዚቃ ብታስገቡበት ዓይናችሁ ምቱን ከምስሉ ላይ መፈለግ ይጀምራል፤ አያገኘውም፣ ይበሳጫል። የባለቤዙ አንድ ኖታ ግን ምስሉን ምንም አይጠይቀውም። ከሥሩ ይተኛለታል። ከደንበኞቼ ጋር በየሳምንቱ የምጣላው በዚህ ነው። «ሞቅ ያለ ሙዚቃ አድርጊበት» ይሉኛል። ሙሽራዋ በስሎው ሞሽን እየዞረች ከሥሯ ጭፈራ እየተቀለጠ!

ስለዚህ የሰዓት እላፊን ጥያቄ ስመልስ፣ ምስሉ ነው። ሙዚቃው መንገድ ነው የለቀቀለት።


ባለቤዙ · ጠዋት 5፡00

እህቴ፣ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ አብሬሽ ነበርኩ።

ዩጂን እኮ ከፊልሙ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ ሰው ሲያስደነግጥ ኖሯል፣ ያለ አንድ ፍሪጅ። ፊልሙ ነው የፍንዳታ ሙዚቃ ፈልጎ የመጣው። ሙዚቃው ውስጥ ፍንዳታው ቀድሞ አለ። ዝም፣ ዝም፣ ዝም፣ ጩኸት፣ ከዚያ ተመልሶ መብረድ። አንቶኒዮኒ ምስሉን በዚያ ልክ ሰፋው ብል ይሻላል።


ፍሬም24 · ጠዋት 5፡12

ማን በማን ልክ እንደሰፋው አልከራከርህም። ግን አንተ ያለ ምስል የምትሰማው እንደ ሙዚቀኛ ነው፣ እጅህ እየበላህ። ሰዓት እላፊ ግን ያለ ምስል ሲሰማው ቀዘቀዘበት። እሱን አትዝለለው።


ባለቤዙ · ጠዋት 5፡13

እሱ በአንድ ጆሮ ነው የሰማው!!


ቬጋስ ነኝ · ጠዋት 5፡35

ክሩን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቦታውን አውቀዋለሁ እኮ።

ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው፣ ታክሲ ስነዳ ቆይቼ አሁን ከባድ መኪና ላይ ነኝ። ዛብሪስኪ ፖይንት ከእኛ በመኪና ሁለት ሰዓት ግድም ነው፣ ዴዝ ቫሊ ውስጥ። ስሙ ድሮ እዚያ አካባቢ ቦራክስ ያወጣ ከነበረ ኩባንያ ኃላፊ የተወሰደ ነው። ለሳሙና የሚሆነው ማዕድን ማለት ነው። ፊልሙን ሳላውቅ በፊት ነው የሄድኩት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቴን ልጅ ላሳየው ብዬ።

ምን ይመስላል መሰላችሁ፣ ቢጫና ቡናማ አፈር እጥፍጥፍ ብሎ፣ እንደ ተጨማደደ ነጠላ። ዛፍ የለም። ድሮ የሐይቅ ወለል ነበር ይላሉ፤ ጭቃው ደርቆ፣ ተነስቶ፣ ዝናብ ሸርሽሮት ነው እንዲህ የሆነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ፈርነስ ክሪክ ነው፤ በ1913 ሐምሌ ላይ 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተመዘገበበት። የአጎቴ ልጅ ከመኪናው ወጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ «ዳሎል አንሶህ ነው እዚህ የመጣኸው?» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ፣ ፊልሙን ካየሁ በኋላ። ኔትወርክ ስለሌለ ሙዚቃውን ቀድሜ ስልኬ ላይ ጫንኩት። ማለዳ ነበር፣ ቱሪስት ሳይመጣ። የመኪናውን አራቱንም መስኮት ከፍቼ ለቀቅኩት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቤዙ አይሰማም። በረሃው ይውጠዋል፣ የሚመልሰው ግድግዳ የለም። ኦርጋኑና ጩኸቱ ብቻ ቀሩ። ጩኸቱ ላይ አንድ ቁራ ከአጥሩ ተነስቶ ሄደ። ተናድዶ ነው መሰለኝ።


ቀዝቃዛ ማኪያቶ · ቀን 6፡05

ቁራው የሚገባው ሃያሲ ነው።


ለንደን ዝናብ · ቀን 6፡30

ርዕሱን ማንም አላብራራውም፣ እኔ ላብራራ።

እንግሊዝ አገር መናፈሻ ውስጥ ኩሬ ይኖራል፣ ትንንሽ ጀልባ ያከራያሉ። ጀልባው ላይ ቁጥር አለ። ሰዓትህ ሲያልቅ ሰውየው ከዳር ቆሞ በድምፅ ማጉያ ይጠራሃል፦ «51 ቁጥር፣ ና ውጣ፣ ሰዓትህ አልቋል!» የተለመደ ቀልድ ነው፤ ጡረታ የሚወጣ ሰው ላይም፣ ሥልጣን የሚለቅ ሰው ላይም ይቀልዱበታል። እንግዲህ ያን ጸጥ ያለ የእሑድ ከሰዓት ኩሬ አስቡና ከዚያ ፍሪጁን አስቡት። የሀብታሙ ቤት፣ ሰዓትህ አልቋል ተባለ ማለት ነው። ለእኔ ከ«ዩጂን» ይልቅ ይሄ ርዕስ ነው ለፊልሙ የሚስማማው።

ሌላም ልጨምር። ያ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ፣ ኦርጋኑም ጊታሩም፣ ቢንሰን ኤኮሬክ የሚባል ማሽን ነው። ባንዱ በዚያ ዘመን ያለሱ አይንቀሳቀስም ነበር። ጣሊያኖች ሚላን ውስጥ የሚሠሩት። ሌላው ኤኮ ማሽን ቴፕ ነው የሚጠቀመው፤ ይሄኛው ውስጡ የሚሽከረከር ማግኔታዊ ከበሮ አለ። ድምፁ ከበሮው ላይ ይቀረጻል፣ ዙሪያውን የተደረደሩት ማንበቢያዎች ተራ በተራ ያነሱታል። አንዴ የተመታ ኖታ ሦስት አራቴ እየደበዘዘ ይመለሳል። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ሲያጉረመርም በግድግዳ በኩል የምትሰሙት ዓይነት።


እንጦጦ ንፋስ · ቀን 7፡00

ኦርጋኑ ለእኔ አንቺሆዬ አንቺሆዬ ይለኛል። ተሳስቻለሁ?


ባለቤዙ · ቀን 7፡08

ተሳስተሃል ወንድሜ። አንቺሆዬ አይደለም። ጆሮህ የለመደውን እየፈለገ ነው። ሁላችንም እናደርገዋለን።


እንጦጦ ንፋስ · ቀን 7፡15

እሺ ተቀጣሁ። ግን ሌላ ነገር ላንሳ። እኔ ፊልምና ክላሲካል ሲባል ትዝ የሚለኝ ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ ያስገባቸው። «የከርሞ ሰው» ሲጀምር ሰውየው መኪና ውስጥ ሆኖ ሌላ ቀለም ያለው ሰው ይሆናል። ያ ሙዚቃ ግን ለፊልሙ አልተቀረጸም፤ ከፊልሙ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ነው። ሆኖም ልክ ገጠመ። ታዲያ «ለፊልም ተብሎ መቀረጽ» ያን ያህል ለውጥ አለው?


ፍሬም24 · ቀን 7፡40

ጥሩ ጥያቄ። ለውጡ ኤዲተሩ ጋ ነው። የተዘጋጀ ሙዚቃ ከሆነ እኔ ነኝ ለሙዚቃው የምገዛው፤ ማሳጠር እንጂ ማስረዘም ብዙም አልችልም። ለፊልሙ የሚቀረጽ ከሆነ ደግሞ ሙዚቀኛው ነው ለእኔ ሰዓት የሚገዛው። ናምበር 51 መሀል ላይ ነው፣ የታወቀ ነገር ለፊልሙ እንደገና ተቀረጸ። ለዚህ ይሆናል ሁለታችንም ትክክል የሆንነው፣ እኔና ባለቤዙ። (አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምለው።)


የካሴት ዘመን · ቀን 8፡20

ሰዓት ስለመግዛት ካነሳችሁ፣ እዚያው ፊልም ላይ ሌላ ታሪክ አለ። ለፍቅር ትዕይንቱ፣ በረሃው አፈር ላይ የሚንከባለሉበት፣ አንቶኒዮኒ ግሬትፉል ዴድ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ጊታር ተጫዋች ጄሪ ጋርሲያን ጠራ። ጋርሲያ ብቻውን ኤምጂኤም ስቱዲዮ ገባ፣ ምስሉ ፊቱ እየሄደለት በጊታር አነጎራጎረ። ባንድ የለ፣ ኖታ የለ። ያንን ተቀበለው።

ፒንክ ፍሎይዶችም ለዚያው ትዕይንት ሞክረው ነበር። በ1997 አልበሙ እንደገና ሲታተም የተጣሉት ወጡ፦ «ላቭ ሲን፣ ቨርዥን 4» እና «ላቭ ሲን፣ ቨርዥን 6»። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ስድስተኛው ላይ የደረሱት ለጨዋታ አይደለም! አራተኛው ባዶ ፒያኖ ነው፣ ስድስተኛው ብሉዝ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለቱም አልሆኑለትም።

የመጨረሻውን ቀልድ ደግሞ ስቱዲዮው ነው የቀለደው። ያ ሁሉ ሌሊት ሮም ውስጥ ተለፍቶ፣ ፍንዳታው አልቆ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ የሮይ ኦርቢሰንን የፍቅር ዘፈን ለጥፈው ሰደዱት። አንቶኒዮኒ አልፈለገውም። ፊልሙ 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ አንድ ሚሊዮን እንኳ በቅጡ አላመጣም።


ቀዝቃዛ ማኪያቶ · ቀን 9፡00

እሺ፣ ለስላሳ ሆኛለሁ። ከዚህ ሌላ ለፊልም የቀረጹት ካለ ምን ልስማ? ጩኸት የሌለበት ይሁን፣ ቢሮ ነው ያለሁት።


ለንደን ዝናብ · ቀን 9፡25

ሁለት አልበም አለልህ፣ ሁለቱም የዳይሬክተሩ የባርቤት ሽሮደር ፊልሞች ማጀቢያ ናቸው።

«ሞር»፣ 1969። የባንዱ መሥራች ሲድ ባሬት ከሄደ በኋላ ያለ እሱ የወጣ የመጀመሪያ አልበማቸው ነው። ለንደን ውስጥ ባንድ ሳምንት ግድም ነው የጨረሱት፤ ትዕይንቶቹን በስቶፕዎች እየለኩ። «ሜይን ቲም»ን ስማ። ጎንግ፣ ኦርጋን፣ ከዚያ ቤዝና ከበሮ ተያይዘው ይገባሉ። «ኩዊክሲልቨር» ደግሞ ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው፣ ዜማ የለውም፣ ለቢሮ አልመክርህም። ሰው «ምን ተበላሽቶ ነው?» ብሎ ኮምፒውተርህን ሊያይ ይመጣል።

«ኦብስኪዩርድ ባይ ክላውድስ»፣ 1972። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሻቶ ዴሩቪል፤ ፓሪስ አጠገብ ያለ የድሮ ቤተ መንግሥት መሰል ቤት፣ ስቱዲዮ የሆነ። «ዳርክ ሳይድ»ን አቋርጠው ሄደው በሁለት ሳምንት ግድም ሠርተው ተመለሱ። የመጀመሪያው ሙዚቃ፣ የአልበሙን ስም የያዘው፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ቪሲኤስ3 በሚባል ሲንተሳይዘር አንድ ወፍራም ድምፅ ይጀምራል፣ አያቆምም። በገና ሲደረደር ከሥር የሚነዝረውን አስብና እሱን ብቻ ለይተህ አውጣው። ከዚያ ጊልሞር ጊታሩን በላዩ ላይ ይጎትተዋል። ሦስት ደቂቃ ብቻ። ጩኸት የለም።


ቀዝቃዛ ማኪያቶ · ቀን 10፡10

ሰማሁት። አለቃዬ በበሩ ሲያልፍ ቆም አለና «ማታ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተራችን እንዲህ ነው የሚለው» አለኝ። ከዚያ ግን ሄዶ አልሄደም። እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ።


ሰዓት እላፊ · እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡20

ተመለስኩ። የእህቴን ጆሮ ማዳመጫ ተዋስኩ፣ ሁለቱም ይሠራል።

በመጀመሪያ ሙዚቃውን ብቻ፣ መብራት አጥፍቼ። ባለቤዙ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልሰማሁት ብዙ ነበር። ከጩኸቱ በፊት ያለውን ጸጥታ ትናንት የስልኩ ብልሽት መስሎኝ ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር። ለዚህ ነው ጩኸቱ ሲመጣ የዘለልኩት! ዛሬ አልነካሁትም። ቤዙ ላይ ብቻ ተንጠልጥዬ ቆየሁ። ጩኸቱ እንደሚመጣ እያወቅሁ ክንዴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ።

ከዚያ ትዕይንቱን አየሁት፤ በዚህ ጊዜ ሳሎን፣ በትልቁ ቴሌቪዥን፣ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስፒከር፣ ቀስ አድርጌ። እማዬ ቡናዋን አፍልታ ጨርሳ ሲኒዎቹን እየሰበሰበች ነበር። ቤቱ ሲፈነዳ ምንም አላለችም። ልብሱ ሲበተን ምንም አላለችም። ፍሪጁ ጋ ሲደርስ ትሪውን ይዛ ቆመች። ምግቡ በሰማዩ ላይ እየተንሳፈፈ፣ ኦርጋኑ እያጉረመረመ፣ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ምን አደረጋቸው ይሄ ፍሪጅ?» አለች። «ገና አዲስ እኮ ነው።»